ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፦ የበረራ ርቀትንና የጉዞ ሰዓትን ራስዎ የሚያሰሉበት ዝርዝር መመሪያ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል ብለው ሦስት ሰው ቢጠይቁ ሦስት መልስ ያገኛሉ። አንዱ «አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ወደ አሥራ ሰባት ይጠጋል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቲኬቱን ገልጦ «ማታ 22፡30 ተነሥቶ ጠዋት 7፡15 ይደርሳል፤ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን ነው» ብሎ ይደመድማል። ከሦስቱ የተሳሳተው የመጨረሻው ብቻ ነው። የፊተኛው መልስ የመመለሻው፣ ሁለተኛው ደግሞ የመሄጃው ጉዞ ነው፤ ሦስተኛው ሰው ግን አንዱን ሰዓት ከአዲስ አበባ፣ ሌላውን ከዋሽንግተን ወስዶ ስለቀነሰ ያገኘው ቁጥር የምንም መለኪያ አይደለም።

ይህ መመሪያ ርቀቱን በእጅ ስልክ ካልኩሌተር ከማስላት ጀምሮ ተቀባዩ ዘመድ ከቤቱ መቼ መነሣት እንዳለበት እስከ መወሰን ድረስ ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ያሳያል። ምሳሌዬ ብዙ ቤተሰብ የሚመላለስበት የአዲስ አበባና የዋሽንግተን መስመር ነው፤ ስሌቱ ግን ለማንኛውም ሁለት ከተማ ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ከተማውን ሳይሆን አውሮፕላን ማረፊያውን ይለዩ

በረራ የሚነሣውም የሚያርፈውም ማረፊያ ላይ ስለሆነ መነሻችን ቦሌ መሆኑን ከያዝን በኋላ በዚያኛው ጫፍ ያለውን ስም በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ዙሪያ ሦስት ትልልቅ ማረፊያዎች አሉ፦ ከከተማዋ ጋር የተያያዘው ሬገን፣ በባልቲሞር በኩል ያለው፣ እንዲሁም በቨርጂኒያ ያለው ደለስ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን የሚያርፈው ደለስ ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳስቱ ሁለት ስሞች አሉ። ደለስ ማለት የቴክሳሷ ዳላስ ማለት አይደለም፤ በሁለቱም አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያዊ ስለሚኖር በስልክ ሲነጋገሩ መሳሳት ቀላል ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቲኬት ላይ ደለስ «አይ ኤ ዲ»፣ ዳላስ ደግሞ «ዲ ኤፍ ደብሊው» በሚሉ ፊደላት ስለሚጻፉ ከስሙ ይልቅ ፊደላቱን ማረጋገጥ ይሻላል። እንደዚሁም ዋሽንግተን የሚባለው ግዛት ሲያትል ያለችበት የሰሜን ምዕራቡ ጫፍ እንጂ ዋና ከተማዋ አይደለም።

ለስሌቱ የሚያስፈልጉት አራት ቁጥሮች የሚከተሉት ናቸው። ቦሌ በሰሜን ኬክሮስ 8.978 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38.799 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ደለስ ደግሞ በሰሜን ኬክሮስ 38.944 ዲግሪ፣ በምዕራብ ኬንትሮስ 77.456 ዲግሪ ላይ ነው። የሌላ ከተማ ማረፊያ ከፈለጉ በስልክዎ ካርታ ላይ ቦታውን ጣትዎን አቆይተው ሲጫኑት እነዚህን ቁጥሮች ያሳይዎታል።

ደረጃ 2፦ ርቀቱን በሉሉ ላይ ያስሉ

ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ላይ በማስመሪያ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን መስመር ቢያሰምሩ መስመሩ ቻድንና ማሊን አቋርጦ ወደ አትላንቲክ ይወጣል። አውሮፕላን ግን በዚያ አይሄድም፤ ምክንያቱም ያ መስመር ቀጥ ያለ የሚመስለው ክብ የሆነችው ምድር በወረቀት ላይ ስለተዘረጋች ብቻ ነው። በሉል ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ «ታላቅ ክብ» ይባላል፤ ይህም ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍል ክብ ቁራጭ ነው።

የሚሰላበት መንገድ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከተማርነው ትሪጎኖሜትሪ አይዘልም። የእጅ ስልክዎን ካልኩሌተር ከፍተው ስልኩን ወደ ጎን ሲያዞሩት ሳይንና ኮሳይን ያሉበት ገጽ በአብዛኛው ይመጣል። ከመጀመርዎ በፊት ካልኩሌተሩ በዲግሪ እንጂ በራዲያን እንዳይሆን ያረጋግጡ፤ ይህን ያልተመለከተ ሰው ሁሉንም በትክክል ቢሠራም የሚያገኘው ውጤት ትርጉም የለሽ ነው።

በመጀመሪያ የሁለቱን ኬንትሮስ ልዩነት ያውጡ። አንዱ ምሥራቅ ሌላው ምዕራብ ስለሆነ ይደመራሉ፦ 38.799 ሲደመር 77.456 እኩል ይሆናል 116.255 ዲግሪ። ሁለቱም በምሥራቅ ወይም ሁለቱም በምዕራብ ቢሆኑ ኖሮ ትንሹን ከትልቁ መቀነስ ነበር።

ቀጥሎ የሁለቱን ኬክሮስ ሳይን ያባዙ። የ8.978 ሳይን 0.1561፣ የ38.944 ሳይን 0.6286 ነው፤ ብዜታቸው 0.0981 ይሆናል። ይህን ወረቀት ላይ ያኑሩት።

ከዚያ የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይንና የኬንትሮሱን ልዩነት ኮሳይን ሦስቱን ያባዙ፦ 0.9877 ሲባዛ በ0.7778፣ ሲባዛ በነጌቲቭ 0.4424። ውጤቱ ነጌቲቭ 0.3398 ነው። ልዩነቱ ከ90 ዲግሪ ስለበለጠ ምልክቱ ነጌቲቭ መሆኑ ስህተት አይደለም።

ሁለቱን ውጤቶች ሲደምሩ ነጌቲቭ 0.2417 ያገኛሉ። የዚህን ተገላቢጦሽ ኮሳይን ካልኩሌተሩን ሲጠይቁት 103.99 ዲግሪ ይላል። በምድር ላይ አንድ ዲግሪ 111.195 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 103.99 በ111.195 ሲባዛ 11,563 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በማይል 7,185፣ በአየርና በባሕር ተጓዦች ኖቲካል ማይል ደግሞ 6,244 ያህል ነው፤ አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር መሆኑን ያስታውሱ። ምድር ፍጹም ድቡልቡል ስላልሆነች፣ ማለትም ወደ ዋልታዎቹ ጠፍጠፍ ስለምትል፣ ይህ ስሌት በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሊስት ይችላል፤ ለተጓዥ ግን ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሳይንና ኮሳይን የማይጥመው ሰው ሉልና ክር ይበቃዋል። ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሉል ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የክሩን አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣትዎ ይያዙ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርገው ወጠር ያድርጉት፤ ክሩ ራሱ አጭሩን መንገድ ፈልጎ ይተኛል። ርዝመቱን በማስመሪያ ሲለኩት 27 ሴንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክሩ የተኛበትን ቦታ ልብ ብለው ይመልከቱ፦ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል፣ ሱዳንንና ሊቢያን ያቋርጣል፣ በአልጄሪያ ወጥቶ በደቡባዊ ስፔን ያልፋል፣ ከሊዝበን ትንሽ ወደ ሰሜን ብሎ አትላንቲክን ይገባል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ክሩ ፖርቱጋል ላይ ተኝቶ ሳየው በስህተት የያዝኩት መስሎኝ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ወጥሬዋለሁ።

ደረጃ 3፦ አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚሄድበትን መንገድ ያገናዝቡ

ከላይ ያገኘነው ቁጥር ከሁሉ ያነሰው ርቀት ነው። አውሮፕላን የተፈቀደለትን የአየር መስመር ይከተላል፣ መጥፎ አየርን ይሸሻል፣ ጦርነት ያለበትን ሰማይ ይዞራል፤ በ2023 በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ የአገሪቱ የአየር ክልል ለሲቪል በረራ ተዘግቶ እንደነበር የሚታወስ ነው፤ አጭሩ መስመራችን ደግሞ የሚያልፈው በዚያው ላይ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ደግሞ የበረራ መስመሮቹ እንደ ነፋሱ ሁኔታ በየቀኑ እንደ አዲስ ይዘረጋሉ። ስለዚህ በስሌት በተገኘው ላይ ከመቶ ሦስት እስከ አምስት መጨመር ከእውነቱ ብዙ አያርቅም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያስገርመው ግን ማረፊያው ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ለዓመታት በመንገዱ ላይ አየርላንድ፣ ደብሊን እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ቆይቷል። ካርታ ያየ መንገደኛ «ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን?» ማለቱ አይቀርም። ክሩን መልሰው ይውሰዱና በሁለት ይክፈሉት፦ ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር፣ ከደብሊን ደለስ 5,464 ኪሎ ሜትር፤ ድምሩ 11,829 ኪሎ ሜትር ነው። ደብሊን ከአጭሩ መስመር ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የራቀች ብትሆንም በጠቅላላው ጉዞ ላይ የምትጨምረው 266 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በሉሉ ላይ ሲለካ ከሰባት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ረጅም ክር መሐሉ ላይ ትንሽ ቢሳብ ርዝመቱ ያን ያህል እንደማይጨምር ማለት ነው።

ማረፊያው እንደ ወቅቱና እንደ በረራው ስለሚለያይ የራስዎን ቲኬት ይመልከቱ። «ቀጥታ» የሚለው ቃል አውሮፕላን አይቀየርም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የትም አያርፍም ማለት መሆኑን ለማረጋገጥ የማረፊያ ብዛት የሚለውን መስመር ያንብቡ።

ደረጃ 4፦ ርቀቱን ወደ ሰዓት ይለውጡ

በዚህ መስመር ላይ የሚበሩት ትልልቅ ጄቶች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። 11,563 ለ900 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ለመነሣት፣ ለመውጣትና ለመውረድ የሚባክነውን በአንድ በረራ ግማሽ ሰዓት አድርገው ይጨምሩ። ነፋስ ባይኖር ኖሮ መልሱ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆኖ ነገሩ እዚሁ ባበቃ ነበር።

ነፋስ ግን አለ። በመካከለኛው ኬክሮስ ላይ፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ የአየር ጅረት አለ፤ በክረምታቸው ወራት ደግሞ አንዳንዴ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። ወደ አሜሪካ የሚሄደውን በግንባሩ ይገፋዋል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውን ከኋላው ይገፋዋል። አውሮፕላኑ ከዚህ ጅረት ጋር የሚገናኘው በመንገዱ ከፊል ላይ ስለሆነ ለጠቅላላው ጉዞ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ልዩነት መያዝ ይበቃል፦ ሲሄድ በሰዓት 850፣ ሲመለስ 950።

መመለሻው ቀላል ነው፦ 11,563 ለ950 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ሲጨመርበት 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ለመንገድ መዞር ትንሽ ሲተውለት 13 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

መሄጃው ሁለት በረራ ነው። ወደ ደብሊን 6,365 ለ850 ሲካፈል ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ከግማሽ ሰዓቱ ጋር ስምንት ሰዓት። ነዳጅ እስኪሞላ አንድ ሰዓት። ከደብሊን ደለስ 5,464 ለ850 ሲካፈል 6 ሰዓት ከ26 ደቂቃ፣ ከግማሽ ሰዓቱ ጋር ወደ ሰባት ሰዓት። ድምሩ 16 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ለመዞሪያና ለመዘግየት የሚተወው ሲጨመር ደግሞ ወደ 17 ይጠጋል። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ ሁለት የሚሆነው በዚህ ነው።

ታዲያ ሲመለስ ሳያርፍ የሚመጣ አውሮፕላን ሲሄድ ለምን ያርፋል? ነፋሱ አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው። የቦሌ መንደርደሪያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚያገኘው ማንሻ ኃይልም ሞተሩ የሚሰጠው ግፊትም ስለሚቀንስ አውሮፕላኑ መንገደኛውን፣ ሻንጣውንና ለ14 ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ በአንድ ላይ ተሸክሞ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀንሶ ይነሣና በመንገድ ይሞላል። ደለስ ግን ከባሕር ጠለል 95 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ስለሆነ ታንኩን ሞልቶ መነሣት አያስቸግረውም።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን ሰዓቶች ወደ አንድ ሰዓት ያምጡ

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን ግን ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ትቀይራለች፦ በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ ማለትም በእኛ የካቲት ማለቂያ ወይም መጋቢት መግቢያ፣ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ትገፋለች፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ በእኛ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ወደ ኋላ ትመልሳለች። በዚህም የተነሣ ልዩነቱ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ነው። የእኛ ክረምት የእነርሱ በጋ መሆኑን እዚህ ላይ አለመዘንጋት ነው።

አሁን በጽሑፉ መግቢያ ላይ ያየነውን ቲኬት እንፍታው። ወሩ ታኅሣሥ ነው እንበል፤ መነሻው አዲስ አበባ 22፡30፣ መድረሻው በማግሥቱ ዋሽንግተን 7፡15። አዲስ አበባ 22፡30 ሲሆን ዋሽንግተን ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ 14፡30 ነው። ከ14፡30 እስከ ማግሥቱ 7፡15 ሲቆጠር 16 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመጣል፤ በደረጃ 4 ካገኘነው ጋርም ይስማማል። ስሌትዎ ከግምቱ ጋር ካልተስማማ አብዛኛውን ጊዜ የሳቱት የሰዓት ልዩነቱን ነው።

በዚህ በረራ የተቀመጠ ሰው በመስኮት ሲያይ የሚያጋጥመው ነገር አለ፦ በታኅሣሥ ሌሊቱ አይነጋም። አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ እየሄደ ከንጋቱ ስለሚሸሽ፣ ደብሊን ሲያርፉ ገና ሌሊት ነው፤ አትላንቲክን አቋርጠው ዋሽንግተን ሲወርዱ ጎህ ሲቀድ ይደርሳሉ። አሥራ ሰባት ሰዓት የሚጠጋ ሌሊት ማለት ነው።

መመለሻውን ደግሞ በዚያው ወር ይዩት። ከደለስ 10፡30 ጠዋት ቢነሣ አዲስ አበባ በዚያች ደቂቃ 18፡30 ነው። 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሲጨመር በማግሥቱ 7፡15 ጠዋት ይሆናል። ይኸው በረራ በሐምሌ ቢሆን ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ስለሆነ አዲስ አበባ የሚደርሰው 6፡15 ላይ ነበር።

ደረጃ 6፦ ወደ እኛ ሰዓትና ወደ እኛ ቀን ይለውጡ

የቲኬት ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ለመናገር ስድስት ሰዓት ይቀነሳል፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ይቀነስለታል፤ ከ6፡00 በፊት ያለ ሰዓት ከሆነ ግን በመቀነስ ፈንታ ስድስት ይጨመርበታል። 22፡30 ከምሽቱ 4፡30፣ 7፡15 ከጠዋቱ 1፡15 ይሆናል። በስልክ ላይ «ስምንት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ለአንዱ ጠዋት ሻይ ሰዓት፣ ለሌላው ከምሳ በኋላ ነው።

አሜሪካ ላሉ ሰዎች አንድ አቋራጭ አለ። የዋሽንግተንን ሰዓት እንዳለ ያንብቡና በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ይጨምሩ፤ የሚያገኙት አዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር ያለውን ሰዓት ነው። ዋሽንግተን በጃንዋሪ ከጠዋቱ 9 ሰዓት በፈረንጅ ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት በእኛ ነው። ዋሽንግተን ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ እናትዎን ከመደወል ይቆጠቡ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚመጣው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚነሣ በረራ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በእኛ ልማድ ግን ሌሊቱ ያለፈው ቀን ተከታይ ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ቤት ነው። የአጎቴ ልጅ ቲኬት «ጃንዋሪ 7፣ 00፡40» ይላል። ጃንዋሪ 7 ገና ነው፣ በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 29። አጎቴ ወረቀቱን አየት አድርጎ «እሰየው፣ ገናን አብረን ውለን ማታ እንሸኘዋለን» አለ፤ እኔም ሳልጠራጠር «እሺ ጋሼ» አልኩ። 00፡40 በእኛ ከሌሊቱ 6፡40 ነው፤ ያውም ታኅሣሥ 28 ለ29 አጥቢያ። አውሮፕላኑ ሲነሣ እኛ ነጠላችንን ለብሰን የገና ቅዳሴ ላይ ቆመን ነበር። በማግሥቱ ማታ ዶሮውን በልተን ሻንጣ ጭነን ቦሌ ስንደርስ የመግቢያው ሠራተኛ ቲኬቱን ደጋግማ አይታ «ይሄ እኮ ትናንት ሌሊት ሄደ፣ አባባ» አለችው።

ከ00፡00 እስከ 5፡59 ባለው ጊዜ የተጻፈ በረራ ሲያጋጥምዎ ቀኑን ከሁለት ወገን ይጻፉት፦ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡40፤ ቦሌ የምንገኘው ሰኞ ማታ ከምሽቱ 3፡30»። ማክሰኞ የሚለውን ቃል ብቻውን አይተዉት።

ደረጃ 7፦ ከቤት እስከ ቤት ያለውን ይደምሩ

ለመሄጃው ቦሌ ለመድረስ አንድ ሰዓት፣ ለፍተሻና ለመመዝገብ ሦስት ሰዓት፣ ለበረራው 16 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ደለስ ለኢሚግሬሽንና ለሻንጣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ወደ ቤት አንድ ሰዓት ይያዙ፤ ድምሩ 23 ሰዓት ከሩብ ነው። ለመመለሻው በተመሳሳይ አያያዝ 19 ሰዓት ገደማ ይመጣል።

ደለስ ከዋሽንግተን መሐል በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ተቀባይ አውሮፕላኑ በሚያርፍበት ደቂቃ መገኘት አያስፈልገውም፤ 7፡15 የሚያርፍን መንገደኛ 8፡15 ላይ ቢጠብቁት ብዙ ጊዜ ገና ሻንጣ እየለቀመ ነው። መኪና የሌለው መንገደኛ ከ2022 ኖቬምበር ወዲህ ደለስ ድረስ የገባውን የሜትሮ ሲልቨር ላይን መጠቀም ይችላል።

ጉዞዎ ደለስ ላይ የማያበቃ ከሆነ፣ ማለትም ወደ ዳላስ፣ ወደ ሲያትል ወይም ወደ ሎስ አንጀለስ የሚቀጥሉ ከሆነ፣ ሻንጣዎ እስከ መጨረሻው ከተማ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ መጀመሪያ በረገጡት የአሜሪካ ማረፊያ ላይ ራስዎ ተረክበው በጉምሩክ አልፈው እንደገና ማስረከብ አለብዎት። ለዚህ ሲባል በሁለቱ በረራዎች መካከል ከሦስት ሰዓት ያላነሰ ቢኖር ይመረጣል፤ በተለይም በርበሬና ሽሮ የያዘ ሻንጣ ተከፍቶ ሊታይ ስለሚችል። ሁለተኛውን በረራ ለብቻው በሌላ ቲኬት የገዛ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ቢዘገይበት ሁለተኛው የሚጠብቀው ስለሌለ ልዩነቱን ወደ አምስት ሰዓት ቢያሰፋው ይሻለዋል።

በመጨረሻ ለተቀባዩ ሲጽፉ ማረፊያውን በስምም በፊደልም፣ የበረራ ቁጥሩን፣ የሚያርፍበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በዚያው ከተማ ሰዓት «ጠዋት» ወይም «ማታ» ከሚል ቃል ጋር ይላኩለት። የበረራ ቁጥሩ ካለው ቀሪውን ከስልኩ ላይ ሆኖ ይከታተለዋል፤ አውሮፕላኑ ከደብሊን ዘግይቶ ቢነሣም ከቤቱ ሳይወጣ ያውቃል።